ጀልባ የቀባው ሾፌር

ጋሽ ደምሴ መሞቱን የነገረኝ የፊት ለፊቱ ቪላ ዘበኛ ሞላ ነው። ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ሳለ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ «ብርቄ፣ ያ እናንተ ቤት ሾፌር የነበረው ሰውዬ አዲሳባ ላይ ዐረፈ አሉ፤ በዚሁ በሽታ» አለኝ። እንዲሁ እንደ ዋዛ። ኦክስጅን ሲፈለግለት ነበር አሉ፣ ሳይገኝ ቀረ አሉ፣ ባለፈው ሳምንት ተቀበረ አሉ። ሞላ አይፈረድበትም፤ ጋሽ ደምሴን የሚያውቀው ከመንገድ ማዶ መኪና ሲያጥብ ነው። እኔ ግን ፌስታሉን እንደያዝኩ በርሜሉ ሥር ቁጭ አልኩ። ማዳም ከውስጥ «ብርኪ! ወይኒች?»፣ የት ነሽ፣ እያለች ስትጣራ እየሰማሁ አልተነሳሁም።

ሰው ሞተ ሲባል «ነፍስ ይማር» ማለት ወግ ነው። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «ሳልነግረው!» የሚል ነው። ሞላ ደንግጦ «ምኑን?» አለኝ። ምኑን ብዬ ልመልስለት! ለዚያ ሰው ልነግረው የሚገባኝ ሁለት ነገር ነበረ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። የሚያውቀኝ ሰው ቢሰማ አያምንም። እኔ እኮ ነገር በሆዴ የማያድር፣ ዓረቡንም ሐበሻውንም ፊት ለፊት የምናገር ሴት ነኝ። ለማይረባው ሁሉ አፍ አለኝ።

ጋሽ ደምሴ እኛ ቤት፣ ኩዌት ሳልዋ ሰፈር፣ የመጣው ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ የረዘሙ ሰው። የመጀመሪያ ቀን ምሳውን በሩ አጠገብ ወዳለችው የሾፌር ክፍል ይዤለት ሄድኩና «ይብሉ እንጂ» ስለው ተቆጣኝ። «አንቱ የሚባለው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ። አንተ በይኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንተ አልኩት፤ ጋሼ ማለቱን ግን አልተውኩም።

አገር ቤት ሾፌር አልነበረም። አዲሳባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት መኪና ቀለም ሲቀባ የኖረ ነው። ጋራዡ በልማት ሲፈርስ በመንጃ ፈቃዱ ኩዌት ገባ። ሾፌርነቱን እንደ ትርፍ ሥራ ነበር የሚያየው። ፍሪጅ ይሁን በር ይሁን የቆመ መኪና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ጀርባ ይዳብሰዋል። አንድ ቀን ባባ፣ የቤቱ ጌታ፣ ለማዳም የገዛላትን መኪና እንዲሁ ሲዳብስ ቆየና «ይቺ በግራ ጎኗ ተመትታ ታውቃለች» አለ። ማዳም ተቆጣች። ባባ ሻጩ ጋ ደወለ፤ ሰውዬው ትንሽ አንገራግሮ አመነ። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው፣ «ዓይን ሞኝ ነው፣ ያብረቀረቀ ሁሉ ደህና ይመስለዋል። እጅ ግን አይሸወድም» አለኝ።

«ታዲያ የማዳምን ልብ ቢያስነኩህ ምን ታገኝበት ነበር?» አልኩት።

«ስቱኮ» አለኝ ሳይስቅ። ስቱኮ ማለት የተሰረጎደ የሚሞሉበት ጭቃ መሰል ነገር ነው። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ እሱ ግን ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ። እንዲህ ነበር፤ ቀልዱን ጥሎልሽ ይሄዳል፣ ሲያስቅሽ ቆሞ አያይም።

ኮሮና የገባ ጊዜ እንግዲህ ቤቱ ሁሉ ተቆለፈ። ሀዝር ተባለ፣ መውጣት ቀረ። ትምህርት ቤት የለ፣ ገበያ የለ፣ መኪናው ቆሞ አቧራ ይጠጣል። ለእኔ ሥራው በረታ። ማዳም በሽታው በሁሉ ነገር ላይ የተቀመጠ ይመስላትና ከበር እጀታ እስከ ልጆቹ እርሳስ አስጠራርጋኛለች። እጄ ተላላጠ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ሥራ ፈታ፤ ሥራ መፍታት ደግሞ ለእሱ ከበሽታው የከፋ ነበር። ማስክ ማድረጉን ግን ወደደው። «ሃያ ዓመት ሙሉ አፌን ሸፍኜ ስሠራ ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ይኸው ዓለም በሙሉ ቀለም ቀቢ ሆነ» ይል ነበር።

ያን ሰሞን ነው እናቱ የታመሙት። የጋሽ ደምሴ ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ምስል አያሳይም ነበርና፣ ዓርብ ዓርብ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በእኔ ስልክ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቆመን እኔ ስልኩን እይዝለታለሁ፣ ታናሽ እህቱ በላይነሽ እዚያ ለእናቲቱ ትይዝላቸዋለች። ስድስት ዓመት አልተያዩም። ለሴትየዋ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። «ደምሴ፣ እጠብቅሃለሁ፣ ብቻ አታቆየኝ» ይሉታል። እሱ «መጣሁ እማዬ፣ በር ላይ ነኝ» ይላል። ስልኩን ዘግተን ስንጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆማል። እኔም ያላየሁ መስዬ ድስቴን አጥባለሁ።

ባባን ኢጃዛ፣ የእረፍት ፈቃድ፣ ጠየቀው። ባባ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን እሱም ቤት ተቀምጦ ታክቶታል። ግቢው ውስጥ ተጎታች ላይ ተጭኖ ዓመታት የቆመ ፋይበር ግላስ ጀልባ ነበረው፤ እነሱ ታራድ ይሉታል። ፀሐይ በልቶት ቀለሙ እንደ ኖራ እጅ ላይ ይቀራል፣ ጎኑ ደግሞ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ተሞልቷል። ባሕሩ ሲከፈት ይሄን ታራድ አዲስ አድርጌ መውጣት አለብኝ አለ ባባ። ሠራተኛ ከውጭ ማስገባት አይቻልም። ጋሽ ደምሴ ቀለም ቀቢ እንደሆነ ያውቃል። እናም ነገሩ ባጭሩ አለቀ፦ «ታራዱን ጨርስ፣ ከዚያ ኢጃዛ። ራሴ ትኬት እቆርጥልሃለሁ።» ሰኔ ላይ አገር የሚመለሱ ሰዎችን የሚጭን አውሮፕላን ይመጣል እየተባለ ነበርና፣ ጋሽ ደምሴ በጣቱ ቆጥሮ «ይደርሳል» አለ። ፊቱ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ያ ሰው ሥራ ሲጀምር ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ የመጣው የቀለሙ ምርጫ ነው። ባባ ጥቁር ሰማያዊ ነው የምፈልገው፣ የሚያብረቀርቅ፣ አለ። ጋሽ ደምሴ አልተከራከረም፤ ከሰው ጋር ተከራክሮ አያውቅም። ከታራዱ የተሰበረ የፋይበር ቁራጭ ፈልጎ አራት ቦታ ቆረጠው። አንዱን ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ግራጫ፣ አንዱን ነጭ ቀባና በቀትር ፀሐይ ጣሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ባባን ጠርቶ «ባባ፣ እጅህን» አለው። ባባ መዳፉን ሰማያዊው ላይ ከማሳረፉ «አኽ!» ብሎ መንጭቆ አነሳ። ነጩ ላይ ሲያደርግ መዳፉን አላነሳም። ሳቀና «ኸላስ፣ አብየድ!» አለ። ነጭ ሆነ ማለት ነው። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጨለማ ቀለም በዚህ አገር ፀሐይ ፋይበሩን ያበስለዋል፣ ጉድፉንም ሁሉ ያሳያል። ይሄን ሳምንት ሙሉ ባስረዳው አይሰማኝም ነበር» አለኝ። ነጩንም ቢሆን ዝም ብሎ አልወሰደውም። ነጭ ሃያ ዓይነት ነው ብሎ፣ ባሕር ላይ ዓይን የማይወጋውን፣ ወተት የመሰለውን መረጠ። ሁለት ቆርቆሮ ሆኖ የሚመጣውን፣ አንዱ ቀለም አንዱ ማጠንከሪያ፣ ሲቀላቀል የሚደርቀውን አስገዛ። ባለ አንድ ቆርቆሮው ርካሽ ነው ግን ዓመት አይቆይም፣ በስሜ አልቀባውም አለ።

ከዚያ ፍቀቱ መጣ። ወይ ፍቀት! መጀመሪያ በሳሙና አጠበው፣ ሰሙን አወጣ፣ ስንጥቁን እየፈለቀቀ ሞላ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው፣ ቀን ከቀን ፋቀ። ነጭ ዱቄት ቅንድቡ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ ያደርገዋል። «ጋሼ፣ ቀለሙ እኮ ይሸፍነዋል፣ ምን ያደክምሃል?» ስለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ጀርባ እየዳበሰ፣ «ቀለም አይሸፍንም ብርቄ፤ ቀለም ያጋልጣል። ሥራው ይሄ ነው፣ ቀለሙ ምርቃቱ ነው» አለኝ። ሥራ የሚሠራው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐዩ ከወጣ ፋይበሩ ይግላል፣ ቀለሙ ሳይተኛ ይደርቃል። ቀድሞ ግቢውን ውሃ ያርከፈክፋል፣ አቧራ እንዳይነሳ። የመጀመሪያውን ሽፋን፣ ፕራይመሩን ቀባው፣ ደረቀ፣ ደግሞ ፋቀው። ከዚያ ሁላችንንም፣ ባባን ሳይቀር፣ ሰብስቦ «ከአሁን ወዲያ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት» አለ። የቀረው የላዩ ቀለም ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ሊመጣ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

አፌን በቆረጠው፣ ወይ እጄን።

የዚያን ቀን ከሰዓት ጉባር ተነሳ፤ የዚህ አገር የአቧራ ነፋስ። ጋሽ ደምሴ ማዳምን ለምርመራ ሆስፒታል ወስዷታል። ነፋሱ ሲያርፍ ብወጣ ያ ሁሉ የተለፋበት ታራድ ቡና ዓይነት አቧራ ለብሷል። ባባ ደግሞ ማታ ሊያየው ይወጣል። ሰውዬው ደክሞ መጥቶ እንደገና ሊጠርግ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ከእጄ የማትለይ አንዲት ጣሳ ነበረች፣ የሳሎኑን እንጨት የምወለውልባት፣ የሎሚ ሽታ ያላት የሚነፋ ፖሊሽ። ስትወለውዪባት ነገር ሁሉ መስታወት ይሆናል። እሷን እየነፋሁ በጨርቄ ከአፍንጫው እስከ ኋላው ወለወልኩት። ሠራተኛ አቧራ አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ይሄ እርግማናችን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ጀርባ ዳበስኩት፣ ልክ እንደሱ። ለስልሶ ነበር። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ገባሁ፤ ማን እንደጠረገው እስኪገርመው ዝም እላለሁ ብዬ።

በበነጋው ጎህ ሲቀድ ቆርቆሮዎቹን ቀላቀለ። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። በሮለር እያለበሰ፣ በደረቅ ቡሩሽ ጫፍ እያስተኛ ሁለት ክንድ ያህል ሄደ። ከዚያ ቆመ። ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ሆኖ ይከፈታል። አንዱን ሲደፍነው ከጎኑ ሌላ ይወጣል። ሁለት ክንድ ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ሮለሩን አስቀመጠ። ተንበርክኮ ያልተቀባውን ጎን አሸተተ።

«ብርቄ፣ ሰው ነክቶታል?» አለኝ።

ማዳም ከኋላዬ ቆማለች። በዚያ ሰሞን እሷ «መክተብ እመልስሻለሁ» ካለች፣ ወዳመጣኝ ቢሮ ማለት ነው፣ ቀልድ አልነበረም። እንደ እኔ ያሉ ሠራተኞች ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ ተጥለው በስልክ አይተናል። እኔ ብርቄ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ «እኔ እንጃ፣ ማን ይነካዋል?» አልኩ።

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ባባ ወጥቶ «ሹ ሀዛ?»፣ ይሄ ምንድነው፣ ሲል፣ ጋሽ ደምሴ ብድግ ብሎ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው «ባባ፣ ሀዛ ገለጥ ማል አና» አለው። ስህተቱ የእኔ ነው። ባባ ጮኸ። እንደ ልጅ ሰደበው። ሃያ ዓመት ቀለም ቀባሁ ትላለህ፣ ዋሽተኸኛል አለው። ጋሽ ደምሴ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ሰማው። ያን ጊዜ እንኳ አፌን አልከፈትኩም።

የተቀባው ሁሉ ተፍቆ እንደገና መጀመር ነበረበት። ቀለም የማያስይዘው የፖሊሹ ቅባት ፕራይመሩ ውስጥ ገብቶ ነበርና እሱም ተፋቀ። የተቀላቀለው ቀለም ደርቆ ተጣለ። ሹዌይክ ሰፈር ያሉት የቀለም ሱቆች በዚህ መሃል ተዘግተዋል፣ አዲስ ቀለም እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ሄደ። አውሮፕላኑ መጣ፣ ሄደ። ባባ ታራዱ በግማሽ ቀርቶ የትም አትሄድም አለ፤ ፓስፖርቱ እሱ ዘንድ ነው። በዚያች ዓርብ እናቲቱ በስልክ «መጣህ ደምሴ?» አሉት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምስሉን አይለዩም። «መንገድ ላይ ነኝ እማዬ» አላቸው። «ብርቄ፣ ስልኩን አትነቅንቂው፣ አትታየኝም» አለኝ ቀስ ብሎ። ያን ቀን ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔን መልሶ ያናገረኝ እንደ ድሮው ነው። እንዲያውም ይሄ ነበር የባሰ ያቃጠለኝ። ቢቆጣኝ እፎይ እል ነበር።

ሁለተኛው ቀለም ሲደርስ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ሊከፈት ሆነ። ባባ ለሐሙስ ትኬት ቆረጠለት። ማክሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። በላይነሽ ናት። ድምጿን እንደሰማሁ ገባኝ።

«ብርቄ እህቴ፣ እማዬ ትናንት ዐረፈች» አለችኝ። «ዛሬ ቀበርናት። ለደምሴ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ታውቂያለሽ። እዚያ ያለሽው ዘመዱ አንቺ ነሽ። በጧት፣ ሰው ሰብስበሽ፣ አጠገቡ ሆናችሁ አርዱት። አደራሽን፣ ሳያውቅ እንዳይመጣብን። ሳቅ ይዞ ለቅሶ ቤት እንዳይገባ።»

ከየት ሰው ልሰብስብ? በሌላ ዘመን ቢሆን ከባያን ሰፈር ከሪቃይ ሰፈር የአገር ልጅ ተጠርቶ፣ ሰው በጧት በሩ ላይ ይሞላ ነበር፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይይዘዋል። አሁን ከመንገድ ማዶ ያለው ሞላ እንኳ በራችንን አያልፍም። እኔ አንዲት ሴት ብቻዬን ወንድ ልጅ እንዴት አርድቼ እንዴት እይዛለሁ? ይሄ ሰበቤ ነው። እውነቱ ሌላ ነው፤ በእኔ ጨርቅ የተነሳ አይደለም ወይ እናቱን ሳያይ የቀረው? መርዶውን በዚህ አፍ እንዴት ልንገረው?

እሮብ ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ልነግረው ቆርጬ ነው የወጣሁት፣ እግዜር ምስክሬ ነው። የመጨረሻውን ሽፋን እየቀባ ነበር። ቀለሙ እንደ ወተት ተኝቷል፤ አንዲት ጉድፍ የለችም። ያንጎራጉራል። «ጋሼ» አልኩት። «አሁን አታናግሪኝ፣ ጠርዙ ከደረቀብኝ መስመሩ ይታያል» አለኝ፣ ዞሮም አላየኝ። ቆሜ ጠበቅሁት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጨርሶ፣ ቡሩሹን ማጠቢያው ቲነር ውስጥ ነክሮ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። ያን ነጭ ታራድ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አለቀ ብርቄ። ዓርብ ጧት እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ነኝ» አለኝ።

«እሰይ ጋሼ» አልኩት። እሰይ! ይሄን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ሁለት ጊዜ ወደ ክፍሉ ሄጄ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ሻንጣውን ሲያስር አገኘሁት። ለእናቱ ብርድ ልብስ ገዝቷል፣ እነዚያ ከዓረብ አገር የሚሄዱትን ወፍራሞቹን። ቀይ ነው። «ዓይኗ ደክሟል፣ ቀይ ይታያታል ብዬ ነው። ቀለሙ ይሻላል?» አለኝ። የቀለም ሰው እኔን ቀለም ይጠይቀኛል! «ያምራል» አልኩት። ዚፑ አልዘጋ ብሎት ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩለት፣ እሱ ሳበው። ሐሙስ ባባ ራሱ ነድቶ ወሰደው፤ ጋሼ በሩ ላይ እጄን ጨብጦ «እጅሽን ጓንት አልብሺው፣ ተልጧል» ብሎኝ ሄደ። አውሮፕላኑ ተነሳ በተባለ ሰዓት በላይነሽ «ነገርሽው?» ብላ ጻፈችልኝ። «ነገርኩት» ብዬ መለስኩ። ሰው ወድቆ ወድቆ የት ይደርሳል ስል የደረስኩት እዚያ ነው።

ከዚያ ስድብ ጠበቅሁ፣ እርግማን ጠበቅሁ። ቀናት አለፉ፣ ምንም የለም። ወር አልፎ ጋሽ ደምሴ ራሱ ደወለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። ታራዱ ባሕር ገባ ወይ፣ ነጩ ቢጫ አላመጣም ወይ፣ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። ከዚያ ልቤ ፈንድቶ «ጋሼ፣ ያኔ እኮ…» ስል ቶሎ አቋረጠኝ። «ተይው ብርቄ። የደረቀ ቀለም አይነካም» አለኝ። አወቀ ማለት ነው፤ ፖሊሹንም፣ መርዶውን መደበቄንም። ይቅር ብሎኛል ብዬ ተኛሁ። የኔ ነገር! እንግዲህ ሌላ ጊዜ በደንብ እነግረዋለሁ፣ ስሄድ እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ አልኩ። ኢጃዛዬ ሳይደርስ ይኸው እሱ ሄደ።

ሞላ የነገረኝ ዕለት፣ ማዳም ከተኛች በኋላ ለበላይነሽ ደወልኩ፤ ለቅሶ በስልክ መድረስ ከአለመድረስ ይሻላል ብዬ። አብረን አለቀስን። ከዚያ ድምጿ ትንሽ ሲመለስ እንዲህ አለችኝ።

«ብርቄ፣ አንቺን ሳላመሰግንሽ ቀረሁ። ያን ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመጣ፣ ድንኳን ስለማይፈቀድ ወንበር ደርድረን ግቢው ውስጥ ነበርን። ሊጮህ ነው፣ ራሱን ሊጥል ነው ብለን ጎረቤቱ ሁሉ ሊይዘው ተዘጋጅቶ ነበር። ከነሻንጣው በሩ ላይ ቆመ። ወንበሩን አየ፣ ጥቁር ልብሴን አየ። ብርቄ ነግራሃለች አይደል? አልኩት። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ ‹አዎ ነግራኛለች። እዚያው አልቅሼ ጨርሻለሁ› አለኝና ገብቶ ተቀመጠ። አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። በሰባቱም፣ በአርባውም። ሰዉ አማው፤ ዓረብ አገር ልቡን አደረቀው አሉ። እኔ ግን ለሁሉም፣ የለም፣ እዚያ አልቅሷል፣ አጠገቡ እህት ነበረችው፣ እላቸው ነበር። እስኪ አሁን ንገሪኝ፣ አደራ። ስትነግሪው እንዴት ሆነ? እናቴን ምን ብሎ አለቀሳት?»

ስልኩ ተቋረጠ ብላ «ሃሎ፣ ሃሎ» አለች። ከዚያ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከጣሳው ጀምሬ። ጨርቁን፣ «እኔ እንጃ» ማለቴን፣ ያመለጠውን አውሮፕላን፣ «እሰይ» ያልኩትን፣ ብርድ ልብሱን፣ ዋሽቼ የጻፍኩላትን። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስድብ ብትጀምር ብዬ ለመንኩ በሆዴ።

በላይነሽ አልተሳደበችም። ቀስ ብላ፣ ልክ ነገሩ እንዳልገባው ሰው፣ «ታዲያ ወንድሜ እናቱን መቼ አለቀሳት?» አለችኝ።